ፈረሱ የሚሳፈርበት ፉርጎ

ወንድሜ ደረጀ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ ጠዋት ሁለታችን ጎሚስታ ቤት ሄደን አራት አሮጌ የመኪና ቸርኬ አመጣን። ጎማ የሌላቸው፣ ዝገት የበላቸው ብረቶች ናቸው። ጎሚስታው ስንሸከማቸው እያየ፣ "ቲቸር፣ ባቡሩ እንግዲህ መቼ ነው አሰላ የሚገባው?" አለው።

"ዛሬ ከሰዓት" አለ ወንድሜ። "ተሳፋሪው እሺ ካለ።"

"ተሳፋሪው ማነው?"

ወንድሜ ውጭ የቆመውን ፈረሴን በአገጩ አሳየው። ጎሚስታው ሳቀ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ፈረሱን ደግሞ አየው። ከዚያ እንደገና ሳቀ።

ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው ከቸርኬው የጀመርኩት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ጋሪ የምነዳ ሰው ነኝ። መጻፍም መናገርም የእሱ ሥራ ነበር። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እኔ "ጋሼ" እያልኩት ነው ያደግሁት። እሱ ደግሞ ጋሪ ከጀመርኩ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ሹፌር፣ ሻይ ቀርቧል።" "ሹፌር፣ እማዬ ትፈልግሃለች።" መጀመሪያ ላይ ያበሽቀኝ ነበር። በኋላ ግን ከእሱ አፍ ሲወጣ የማዕረግ ስም መሰለኝ።

አንድ ነገር ቀድሜ መናገር አለብኝ። ደረጀ የልብ ታማሚ ነበር። ልጅ ሆኖ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም በመቆየቱ ነው አሉ። በየወሩ መርፌ ይወጋል። ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። ሲተኛ ሁለት ትራስ መደራረብ ሲጀምር እማዬ ምንም ሳትል ሦስተኛ ትራስ ሰፋችለት። እሱም ምንም ሳይል ተቀበላት። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ግን ሁልጊዜ "ቀስ ብለህ ውጣ" ትለዋለች። እሱም "እሺ እማዬ" ይላል። ስለ ሕመሙ የሚያወሩት ይህንኑ ብቻ ነበር።

ተማሪዎቹ "ቲቸር ባቡር" ይሉታል። በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ስለ መጀመሪያዎቹ የባቡር ሐዲዶች ያለው አንድ አንቀጽ ነው፤ ሌሎች መምህራን አንብበውት ያልፋሉ። እሱ ግን እዚያ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ድንኳን ይተክላል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። "አስበው እስቲ" አለኝ። "ዓለምን የለወጠው ነገር የተጀመረው ሰው ለማጓጓዝ አይደለም። ከኮረብታ ላይ የድንጋይ ከሰል ለማውረድ ነው። ጭቃ ላስቸገራቸው ባለጋሪዎች ተብሎ ነው። ላንተ ተብሎ ነው፣ ሹፌር።"

አንድ ቀን ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አወጣቸው። ድንጋይ የሞላ የእንጨት ሣጥን መሬት ላይ አስቀመጠና ከክፍሉ ጉልበተኛ የሚባለውን ልጅ "ጎትት" አለው። ሣጥኑ አፈሩን እያረሰ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ከዚያ ሁለት የተላጡ የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጎን ለጎን አስተኛ፤ ሣጥኑን እላያቸው ላይ አስቀመጠና ከሁሉም ቀጭኗን ልጅ፣ ሃዊን፣ ጠራት። ሃዊ ገመዱን በአንድ እጇ ይዛ፣ ሌላውን እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ እንደከተተች፣ ሣጥኑን እስከ ሰንደቅ ዓላማው ድረስ ወሰደችው። ልጆቹ ሲጮኹ ከአጥር ውጭ ጋሪዬ ላይ ሆኜ ሰማሁ።

"ባቡር ማለት መጀመሪያ ይኸው ነው" አላቸው። "ሞተሩ አይደለም። ጢሱ አይደለም። መንገዱ ነው።"

ይህ ትምህርት ከክፍል ወጥቶ እኛ ሰፈር የገባው በትምህርት ቤት ምክንያት ነው። ሁለታችንም ፊደል የቆጠርንበት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ውስጥ የአንዱ የጭቃ ክፍል ግድግዳ በዝናብ ተደረመሰ። ሌሊት ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹ ልጆች በሸራ ሥር ነው የሚማሩት። አሰላን የሚያውቅ ሰው ዝናብ ባለበት ጠዋት በሸራ ሥር መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወላጆች ተሰበሰቡና አሁንስ በድንጋይ እንሥራው አሉ፤ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳው መቆም አለበት።

ድንጋይ ሞልቷል። ከሰፈራችን በላይ፣ በጭላሎ ተራራ በኩል ባለው ጉብታ ላይ ጥቁር ድንጋይ የሚወጣበት ካባ አለ። እዚያ ድንጋይ የሚፈልጠው ከማል አብሮ አደጌ ነው፤ በነፃ እፈልጥላችኋለሁ አለ። ችግሩ ማን ያወርደዋል ነው። መኪና እዚያ አይወጣም። ጋሪ ይወጣል፤ ሲወርድ ግን ሸክሙ ፈረሱን ከኋላ እየገፋ ይጥለዋል። አንድ ባለጋሪ ሞከረና የፈረሱ እግር ተሰበረ። እግሩ የተሰበረ ፈረስ መጨረሻው ምን እንደሚሆን መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ባለጋሪዎች ሁላችንም እምቢ አልን።

በስብሰባው ላይ ደረጀ ተነሣ። "ቁልቁለቱን ለምን እንጣላዋለን?" አለ። "እሱ ይሥራልን እንጂ። ሐዲድ እንዘርጋ።"

ሰዉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ መንግሥት አሰላ ያላመጣውን ባቡር አንተ ልታመጣ ነው?" አሉት።

"አባባ፣ የመንግሥት ባቡር ሰው ስለሚጭን አስቸጋሪ ነው። የእኛ ድንጋይ ነው የሚጭነው። ድንጋይ ቢዘገይም አይቆጣም።"

ከማል ከኋላ ሆኖ፣ "ቲቸር፣ የፈረንጆቹ ድንጋይ ከሰል ስለሆነ ይነዳል አልክ። የእኛ አይነድም" አለ።

"አይንደድ። ግድግዳ ይሁንልን።"

አጣናውን የባሕር ዛፍ ያለው ሁሉ ሰጠ። ከሥር የሚጋደመውን እንጨት ተማሪዎቹ ተሸክመው አወጡ። ድንጋዩን የሚጭነው ፉርጎ እግር ከየት ይምጣ ስንል ቸርኬ ተገኘ። ጎማው የወለቀ ቸርኬ መሐሉ ጎድጓዳ ነው፤ ሁለቱ ጠርዞቹ ከፍ ይላሉ። ክብ አጣና ላይ ሲቀመጥ እግር ጫማ ውስጥ እንደገባ ነው፤ ወዲያ ወዲህ አይልም። ሐሳቡ የማን እንደነበር አላስታውስም። ሁላችንም የእኔ ነው እንላለን።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ እስከ ዛሬ ይወራል። አጣናውን የላጥነው በዋዜማው ስለነበር ርጥብ ነበር። የተላጠ ርጥብ ባሕር ዛፍ ሳሙና እንደተቀባ ነው። ፉርጎውን ለቀቅነው። ከማል ፍሬኑ ላይ ተቀምጧል፤ ፍሬን የምለው ቸርኬውን የሚጫን ረጅም እንጨት ነው። ተጫነው፤ ፉርጎው አልሰማውም። መንገዱ ዳር ሲደርስ ሐዲዱ አለቀ፤ ፉርጎው ግን አላለቀም። እዚያው ዳር የሚኖሩትን የአዴ ፋጡማን አጥር ሰብሮ ድንች ማሳቸው ውስጥ ገባ። ከማል መሐል ላይ ዘሎ ወርዶ ነበር።

አዴ ፋጡማ ወጥተው ማሳቸውን አዩ፤ ከዚያ ወንድሜን አዩት። "አንተ ነህ ባቡር?" አሉት።

"እኔ ነኝ፣ አዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ድንቼን ቆፍረህልኛል። ልጆችህን ጥራና ይልቀሙ። ግማሹን ውሰዱና ቀቅላችሁ ብሉ።"

ድንቹን እየለቀምን ሳለ ደረጀ በድንገት ቀና አለ። "አመድ" አለ። "በእንጨት ሐዲድ ዘመን ሲዘንብ እነሱም ይንሸራተትባቸው ነበር። ቁልቁለቱ ላይ አመድ ይበትኑ ነበር። አንብቤው ረሳሁት።" ወደ አዴ ፋጡማ ዞረና፣ "አዴ፣ አመድ አለዎት?" አላቸው። እሳቸውም፣ "ድንቼን ወሰድክ፤ አሁን ደግሞ አመዴን" አሉና በጣሳ ሞልተው አመጡለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቸርኬው ፍሬኑን ሰማ፤ አዴ ፋጡማም በየጠዋቱ የምድጃቸውን አመድ ሐዲዱ ዳር ያስቀምጡልን ጀመር።

ድንጋዩ መውረድ ጀመረ። ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ወንድሜ እስከ መጨረሻው ቀን የታገለው ከዚህ ጋር ነው። የወረደውን ባዶ ፉርጎ ሽቅብ መመለስ አለበት። ተማሪዎቹ ገፍተው ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ከወጡ በኋላ ሣር ላይ ተዘረጉ። ስለዚህ እኔ ፈረሴን ቦራን አመጣሁ። ቦራ ባዶውን ፉርጎ እንደ ቀላል ነገር ይስባል፤ ሐዲድ ላይ ነዋ። የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ፉርጎው ድንጋይ ይዞ ብቻውን ይወርዳል፤ ፈረሱ ግን ከኋላው በእግሩ፣ በዚያ ስለታም ጠጠር ላይ ቁልቁል መውረድ አለበት። በሳምንቱ ማነከስ ጀመረ። ሌላ ባለጋሪ ፈረሱን አይሰጥም። የቦራ እግር ከተበላሸ ሥራው ቆመ ማለት ነው፤ ክረምቱ ደግሞ በር ላይ ነው።

ወንድሜ ግን ይህንንም ቀድሞ እንደሚያውቀው ፊቱ ያስታውቅ ነበር። "እነሱም አጋጥሟቸዋል" አለ። "ፈረሱን በዝቅተኛ ፉርጎ ላይ አሳፍረው ከኋላ ቀጠሉት። ከሰሉ ሲወርድ ፈረሱ ቆሞ ጭዱን እየበላ አብሮ ይወርዳል። ታች ሲደርስ ያረፈ ፈረስ ነው።" ይህን ሲናገር ሁልጊዜ ድምፁ ይለወጣል። ስለ ሞተሩ ሲያወራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። "ማሰብ ነው እንጂ፣ ሹፌር። አንድ ሰው ፈረሱ እንደሚደክም አሰበ።"

ቅዳሜ ያመጣናቸው ቸርኬዎች ለዚያ ፉርጎ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ቸርኬዎቹን ቦራ ላይ ጭነን ወጣን። ከቤታችን እስከ ካባው ዳገት ነው፤ ደረጀ በዚያ ዳገት ላይ ሦስት ቦታ ይቆማል። ሁልጊዜ እነዚያው ቦታዎች ናቸው። ስለ ድካሙ ምንም አይልም። ቆሞ እጁን ቦራ አንገት ላይ ያደርግና ማስተማር ይጀምራል። መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው፤ እዚያ የሚነግረን ስለ ጭቃው መንገድና ስለ እንጨቱ ሐዲድ ነው። ሁለተኛው አዴ ፋጡማ አጥር ጋ ነው፤ እዚያ እንጨቱ ቶሎ እያለቀ ሲያስቸግራቸው ቀጭን ብረት እንዴት እንደለበጡበት ይነግረናል። ሦስተኛው ሐዲዳችን ከሚያልፍበት አጠገብ ያለው የኮሶ ዛፍ ሥር ነው። እዚያ ስለሚሳፈረው ፈረስ ነው። ተማሪዎቹ ትምህርት እንደሆነ ያምናሉ። እኔ ደግሞ ደረቱን እያየሁ ወሬው እስኪያልቅ ሳይሆን ትንፋሹ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። "ቦራ ላይ ተቀመጥ" ስለው "እሱም ልብ አለው" ይለኛል።

ያን ቀን ኮሶው ሥር ሃዊ ጠየቀችው። "ቲቸር፣ ቆይ ግን፣ በኋላ ሞተር ሲመጣ ፈረሶቹ ምን ሆኑ?"

ወንድሜ እጁን ከቦራ አንገት ላይ አነሣ። "እሱን ለሚቀጥለው ዳገት" አላት።

ፉርጎውን አቆምን። አራት ቸርኬ፣ በላዩ ጣውላ፣ በጎንና በጎኑ እንደ በረት አጣና። ከድንጋዩ ፉርጎ ኋላ ቀጠልነው፤ እንዳይንቀሳቀስ ድንጋይ ወሸቅንበት። ደረጀ ራሱ ገብስ በባልዲ አምጥቶ ከፊት አስቀመጠ። ከማል ልጓሙን ያዘ።

"ኮቱ፣ ቦራ" አለው በኦሮምኛ፤ ቦራን ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው የሚያነጋግረው። "ና። ሱታ፣ ሱታ። ቀስ።"

ቦራ ገብሱን አሸተተ። አንድ እግሩን አንሥቶ ጣውላው ላይ አሳረፈ። ጣውላው ድም አለ። ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ እግሩን መለሰ። እንደገና ሞከርን። ድም። እንደገና መለሰ። ከኋላ ስንገፋው ባልዲውን በአፍንጫው ገልብጦ ወደ ጎን ወጣና ሣር መብላት ጀመረ።

"ቲቸር፣ ትኬት አልተቆረጠልኝም እያለ ነው" አለች ሃዊ።

"ፈረስ በጋሪ ሲሄድ ማን አይቶ ያውቃል?" አለ ከማል። "እሱም አፍሮ ነው። ሌሎቹ ፈረሶች ቢያዩት ምን ይሉታል?"

ወንድሜ ሳቀ። ቁጭ ብሎ ነው የሳቀው፤ መቆም አልቻለም። እንባውን በእጅጌው ጠረገና፣ "መጽሐፉ ፈረሶቹ በደስታ ይወጡ ነበር ነው የሚለው" አለ። "እንዴት እንዳስወጧቸው ግን አልጻፉም። አንድ ነገር ረስተናል። ሰኞ እንመለስበታለን።"

ማታ ሽሮው ጨው አነሰው ብሎ እማዬን ነዘነዛት። ፈተና አረመ። ጫማህን አውሰኝ አለኝ፤ የእሱ ሶሉ ተላቆ ነበር። የማስታውሰው ይህን ነው። ሌላም ተናግሮኝ ይሆናል፤ ማስታወስ እንዳለብኝ አላወቅሁም።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ "ሹፌር" ሲል ሰማሁት። ስገባ የእኔን ጫማ አንዱን አውልቋል፤ ሌላኛው እግሩ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ አልችልም። ባጃጅ ጠራን። ሆስፒታል ደረስን። አልጠቀመም።

ሰኞ ቀበርነው። ሰዉ ብዙ ነበር። ተማሪዎቹ በዩኒፎርማቸው ነበሩ። ከማልና የካባው ሰዎች መጡ፤ አዴ ፋጡማም ከሴቶቹ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር አጠገብ ቆመው ነበር። ሣጥኑ ሲወርድ እያየሁ አልነበረም። አፈር መመለስ ሲጀምሩ ግን ሰማሁት። የመጀመሪያው አካፋ አፈር ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ ድም አለ። ሁለተኛውም። ከማል የዕድሩን አካፋ ከአንዱ ሰውዬ እጅ ተቀብሎ እሱም መለሰ፤ ድም። እማዬ በእያንዳንዱ ትደነግጣለች፤ ትከሻዋን ይዣለሁ። ከዚያ ቀስ በቀስ አፈሩ በአፈር ላይ መውደቅ ጀመረና ድምፁ ጠፋ። እማዬ መደንገጧን ተወች። እኔም ተውኩ። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት የት እንደሰማሁት ትዝ ሊለኝ ደርሶ አልመጣልኝም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ትዝ አለኝ።

ተነሣሁ። ሐዘንተኛ ሰልስት ሳይወጣ ከድንኳን አይጠፋም። የዕድሩ ዳኛ፣ "የት ነው ልጄ? ሰው እየመጣ አይደል እንዴ?" አሉኝ።

"ካባው ጋ ልሄድ ነው፣ አባባ።"

"ዛሬ?"

ሁሉም እማዬን አዩ። እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችኝ። ተቀመጥ ብትለኝ እቀመጥ ነበር።

"ቀስ ብለህ ውጣ" አለችኝ።

ይህን ለእኔ ብላኝ አታውቅም ነበር። "እሺ እማዬ" አልኳት።

የዕድሩ አካፋ የድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተደግፏል፤ የትናንቱ አፈር ደርቆበታል። አንሥቼ ቦራን ፈታሁት። ልጓሙን ይዤ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ገመዱ ተወጠረብኝ። ዞር ስል ቦራ ቆሟል። ማንም ቁም አላለውም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል። መጎተት አልቻልኩም። እኔም ቆምኩ። ጋሼ እዚያ ያወራ የነበረውን ያህል ጊዜ ጠበቅን። ከዚያ ቦራ ራሱ ተንቀሳቀሰ። አዴ ፋጡማ አጥር ጋ ቆመ። አመዱ እንደ ሁልጊዜው በጣሳ ተቀምጦ ነበር። ኮሶው ሥርም ቆመ።

ካባው ላይ ከማል ድንጋዩን በፊተኛው ፉርጎ ጭኖ ጨርሶ ተቀምጧል። ሃዊና ጥቂት ተማሪዎችም አሉ፤ ደብተራቸውን ይዘዋል።

"ማን ጠራችሁ?" አልኳቸው።

"ማንም" አለች ሃዊ። "ቲቸር ሰኞ ብሎን ነበር። ሰኞ ቀብር ሆነ።"

ከካባው ጠርዝ ለስላሳውን አፈር በአካፋው ዛቅሁና የፈረሱ ፉርጎ ጣውላ ላይ አፈሰስኩት። ድም አለ። ሁለተኛ ዛቅሁ። ልጆቹ ምን እንደምሠራ አልገባቸውም። ከማል ግን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጣውላውን አየ።

"ድልድይ" አለ። "እንደ እንጨት ድልድይ።"

እኛ አገር የእንጨት ድልድይ አፈር ካልለበሰ ከብት አይሻገረውም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ፉርጎ ስለሆነብን፣ የሩቅ አገር ነገር ስለሆነብን፣ ሁላችንም አላሰብነውም። ከማል ሌላ አካፋ አነሣ። አብረን ሞላነው፤ እስኪደፈን፣ ድምፁ እስኪጠፋ። ከዚያ በእግራችን ረገጥነው።

ከማል ልጓሙን ያዘ። ሳይጮህ፣ "ኮቱ" አለው።

ቦራ እግሩን አሳረፈ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ጆሮው ወደ ፊት ቀጥ አለ። ሁለተኛውን እግሩን አሳረፈ፤ ከዚያ የኋላዎቹን ሰበሰበ። ፉርጎው ትንሽ ሲጢጥ አለ። ገብሱን መብላት ጀመረ። ማንም አላጨበጨበም። ሃዊ አፏን በደብተሯ ሸፍና ነበር።

ፍሬኑ ላይ ተቀመጥኩ። ከማል የተወሸቀውን ድንጋይ አወጣ። ድንጋዩ ከፊት፣ ቦራ ከኋላ፣ አመዱ ላይ ቀስ እያልን ወረድን። መሐል ላይ ዞር ብዬ አየሁት። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኑ ግማሽ ተከድኗል። ልጆቹ በሁለቱም በኩል አብረውን ይሮጣሉ። ታች ስንደርስ አዴ ፋጡማ ከአጥራቸው ወጥተው ፈረሱን ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት። "ተሳፈረ?" አሉ። ገብተው አመድ ጨመሩልን።

ድንጋዩን መንገዱ ዳር አራገፍን። ቦራን አውርጄ ባዶዎቹን ፉርጎዎች አስሳብኩት። አላነከሰም። ልጆቹ ከኋላችን ይከተላሉ። ኮሶው ሥር ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። ከማል ቸርኬው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ልጆቹም ቆመው አዩኝ። እዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ዝም የተባለበት ቀን አይተው አያውቁም።

ሃዊ የጠየቀችውን፣ የፈረሶቹን መጨረሻ፣ እኔም አላውቅም፤ ወንድሜ ሳይነግረን ሄደ። ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬም አላውቅም። እጄን ቦራ አንገት ላይ አደረግሁ፤ ከሥሩ ትንፋሹ ይወጣል ይወርዳል። የማውቀውን ከወፍጮ ቤቱ ጀመርኩላቸው።

"መጀመሪያ" አልኳቸው፣ "መንገዱ ጭቃ ነበር።"